የጎልማሳው ፊደልና የጎልማሳው ስሌት

ሰው በልጅነቱ የቆጠረውን ፊደል እንዴት አድርጎ እንደ ተማረው አብዛኛውን ጊዜ አያስታውስም። ካደገ በኋላ ፊደል የቆጠረ ሰው ግን የተማረበትን ማታ፣ ያስተማረውን ሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በእጁ የጻፈውን የራሱን ስም አይረሳም። ይህ ልዩነት የትዝታ ልዩነት ብቻ አይደለም። ልጅ የተትረፈረፈ ጊዜ አለው፤ አንዱ መንገድ ባይሆንለት በሌላው ይሞክራል። ጎልማሳ ግን ለትምህርት የሚያውለው ሰዓት ከእርሻው፣ ከሸክሙ፣ ከእንቅልፉና ከልጆቹ ጉሮሮ የተቀነሰ ነው። ስለሆነም የመማሪያው ስልት ያልተቃና እንደ ሆነ ጎልማሳው የሚያጣው ጥቂት ቀን ሳይሆን ምናልባት ዳግም የማይመለስ ዕድል ነው።

ስለ መሠረተ ትምህርት በሚነገርበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው የተማሪው ብዛት፣ የተከፈተው ጣቢያ፣ የታተመው መጽሐፍና የታደለው የምስክር ወረቀት ነው። ጎልማሳው በምን ስልት እንደ ተማረ፣ የተማረውስ ከእርሱ ጋር እንደ ቆየ ወይም እንደ ጠፋ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ያለፉት መቶ ዓመታት ታሪክ በአገራችንም ሆነ በሌላው ዓለም የሚያስረዳው የዘመቻዎች ዕጣ የተወሰነው በዚህ ባልተጠየቀው ጥያቄ መሆኑን ነው። ከዚህ ቀጥሎ የሚቀርበው የዚሁ ጥያቄ አጭር ታሪክ ነው። የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር በ«ዓ.ም.»፣ የአውሮፓውያኑ በ«እ.ኤ.አ.» ተለይቶ ተመልክቷል።

ከየኔታ እግር ሥር

በአገራችን የንባብ ትምህርት ታሪክ የሚጀምረው ከየኔታ እግር ሥር ነው። ተማሪው በመጀመሪያ ሀሁን ከግራ ወደ ቀኝ በስንደዶ እየነካ፣ በዜማ እየጮኸ ይቆጥራል። ሲደጋግመው ተራው በቃሉ ይገባል። ዳሩ ግን በቃል የተያዘ ተራ ገና ንባብ አይደለም፤ ዓይን ሌላ ቦታ እያየ ምላስ ብቻውን ሊሮጥ ይችላልና።

ጥንታውያን መምህራን ይህን አደጋ ያወቁት ይመስላል። አቡጊዳ የተባለው ሁለተኛው ገበታ ለዚሁ መድኃኒት ሆኖ ሲያገለግል ኖሯል። በአቡጊዳ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ እያሉ ሲወርዱ እያንዳንዱ ፊደል ከቤተ ዘመዱ ተለይቶ ለብቻው ይቆማል። በሀሁ የተለመደው የቃል ዜማ በዚህ ስፍራ አያድንም፤ ተማሪው የግድ መልኩን አይቶ መለየት አለበት። በዛሬው አነጋገር አቡጊዳ ፈተናም ልምምድም ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የመልእክተ ዮሐንስ ንባብ ደግሞ ሌላ ብልሃት የያዘ ነው። ያው አንድ ጽሑፍ በመጀመሪያ ፊደል በፊደል እየተቆጠረ፣ ቀጥሎ በግእዝ ንባብና በውርድ ንባብ፣ በመጨረሻም ሳይቋረጥ በሚፈስሰው በቁም ንባብ ይነበባል። ተማሪው ወደ ዳዊት የሚያልፈው ዓይኑና ምላሱ አብረው መራመድ ከቻሉ በኋላ ነው። በአሜሪካ የንባብ ሊቃውንት አንድን አጭር ጽሑፍ ደጋግሞ በማንበብ ፍጥነትን የማዳበር ስልት ብለው በእ.ኤ.አ. 1979 የጻፉለት ዘዴ ከዚህ እምብዛም አይርቅም።

የቤተ ክህነቱ ስልት ጉድለት የነበረበት በሌላ በኩል ነው። የሚነበበው ቋንቋ ተማሪው በቤቱ የማይናገረው ግእዝ ስለ ነበረ ንባብና ትርጉም ለብዙ ጊዜ ተለያይተው ይኖሩ ነበር። ጽሕፈትም ራሱን የቻለ ሙያ እንጂ ከንባብ ጋር አብሮ የሚሰጥ አልነበረም። ከሁሉም በላይ ትምህርቱ ዓመታትን የሚጠይቅ ነው። ለልጅ የሚስማማው ይህ ርዝመት ሞፈር ለጨበጠ፣ መዶሻ ለያዘ ጎልማሳ የሚሆን አልነበረም።

ከዐዋጅ ወደ ሥራ

ዘመናዊው የጎልማሶች ትምህርት በመንግሥት ደረጃ ጎልቶ የታየው በ1948 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ያልተማረው ሕዝብ በትርፍ ጊዜው ማንበብና መጻፍ እንዲማር ባወጁ ጊዜ ነው። የማታ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ፤ ማኅበራትና አብያተ ክርስቲያናትም ትምህርቱን በየበኩላቸው አስፋፉ። ይሁንና በብዙ ስፍራ ጎልማሳው የሚማረው ለልጆች በተዘጋጀ መጽሐፍና ለልጆች በተለመደ አቀራረብ ነበር። ስለ ድመትና ስለ ኳስ የሚያወራ ገጽ አሥር ልጆች ላሳደገ ገበሬ የሚነግረው ነገር አልነበረውም።

በዓለም አቀፍ ደረጃ የአስተሳሰብ ለውጥ የመጣው በእ.ኤ.አ. 1965 በቴህራን የትምህርት ሚኒስትሮች ጉባኤ ከተደረገ ወዲህ ነው። ከዚህ ጉባኤ በተወለደው ሐሳብ መሠረት ዩኔስኮና የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ከ1967 እስከ 1973 እ.ኤ.አ. በአሥራ አንድ አገሮች የሙከራ ፕሮግራም አካሄዱ። ከእነዚህ አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ሥራን መሠረት ያደረገው የጎልማሶች ትምህርት የሙከራ ፕሮጀክት በወላይታ፣ በጭላሎና በጅማ አካባቢ ተተከለ። ስልቱ ፊደልና ቁጥር ከተማሪው የዕለት ሥራ ጋር ተጣምሮ እንዲሰጥ ነበር፤ የሚነበበው ቃል የሚታረሰው፣ የሚለቀመው፣ የሚመዘነው ነገር ስም ይሆናል ማለት ነው።

ፕሮግራሙ በእ.ኤ.አ. 1976 በተገመገመ ጊዜ የተገኘው ትምህርት ሁለት ወገን ነበረው። በአንድ በኩል ትምህርቱ ከኑሮ ጋር ሲያያዝ ጎልማሳው ለምን እንደሚማር ማስረዳት አላስፈለገም። በሌላ በኩል ግን ሥራን ብቻ መሠረት ማድረግ ጠባብ ሆኖ ተገኘ። ቡና እንዴት እንደሚደርቅ ገበሬው ቀድሞም ያውቃል። ከፊደሉ የሚሻው ከዚህ የተለየ ነገር ነበር፦ የልጁን ደብዳቤ ማንበብ፣ የፍርድ ቤቱን ወረቀት መረዳት፣ የሃይማኖቱን መጽሐፍ መክፈት፣ ደረሰኝ ላይ የሰፈረውን ገንዘብ ማረጋገጥ፣ በጣት አሻራ ፈንታ ስሙን መፈረም። ለጎልማሳ ጥቅም ማለት ምርት ብቻ እንዳልሆነ ባለሙያዎቹ የተረዱት ዘግይተው ነው።

የቃል ቤተ ሰቦች

በዚያው ዘመን በሌሎች አገሮች የተሞከሩት ስልቶች ከኢትዮጵያው ጋር ሊነጻጸሩ የሚገባቸው ናቸው። አሜሪካዊው ሚሲዮናዊ ፍራንክ ላውባክ በእ.ኤ.አ. 1930 በፊሊፒንስ በላናኦ አውራጃ ሥራውን ሲጀምር ሥዕልን፣ የታወቀን ቃልና ድምፅን በአንድ ገበታ አጣመረ። ገንዘብ ባጠረም ጊዜ የተማረው ሁሉ ሌላውን አንድ ሰው እንዲያስተምር አደረገ። የዚህ ስልት ጥቅም ከቁጠባ ያለፈ ነው፤ ለማስተማር የተገደደ ሰው የተማረውን እንደ ገና ከአእምሮው መልሶ ማውጣት ስላለበት ዕውቀቱ ይጸናለታል።

ብራዚላዊው ፓውሎ ፍሬሪ ደግሞ በእ.ኤ.አ. 1963 አንጂኮስ በምትባል ትንሽ ከተማ ሦስት መቶ ያህል ሠራተኞችን በአርባ ሰዓት ትምህርት ለማስነበብ ባደረገው ሙከራ ስሙ ታወቀ። ፍሬሪ ከሠራተኞቹ ኑሮ ውስጥ ጥቂት ቃላት ይመርጣል። ከነዚህ አንዱ በፖርቱጋልኛ ጡብ ማለት የሆነው «ቲጆሎ» ነበር። በመጀመሪያ ስለ ጡብና ስለ ግንብ ሠራተኛው ኑሮ ውይይት ይደረጋል። ቀጥሎ ቃሉ ይከፈልና የመጀመሪያው ክፍለ ቃል ከነቤተ ሰቡ በገበታ ይቀርባል፦ ታ፣ ቴ፣ ቲ፣ ቶ፣ ቱ። ተማሪዎቹ እነዚህን እየገጣጠሙ ራሳቸው አዲስ ቃል ይፈጥራሉ። በተከታዩ ዓመት በተደረገው የወታደር መፈንቅለ መንግሥት ፍሬሪ ታሰረ፤ ፕሮግራሙም ተዘጋ። ስልቱ ግን ድንበር ተሻገረ።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን የፍሬሪን ገበታ ሲያይ ሳይገረም አይቀርም። ለላቲን ፊደል ተማሪ በብልሃት የተዘጋጀው የክፍለ ቃል ቤተ ሰብ በእኛ ፊደል ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ያለ ነውና፦ ተ፣ ቱ፣ ቲ፣ ታ፣ ቴ፣ ት፣ ቶ። ነገር ግን ይህ ሀብት በአግባቡ ካልተያዘ ሸክም ይሆናል። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። እያንዳንዱን እንደ ተለየ ምስል ለመሸምደድ የሚሞክር ጎልማሳ 231 ነገሮችን ሊሸከም ነው። የቅርጹን ሕግ ያስተዋለ ግን ሸክሙ ይቀልለታል። ካዕብ በአብዛኛው በቀኝ ጎን መካከል ቅጥያ ይጨምራል፤ ሳልስ ቅጥያውን ወደ እግር ያወርዳል፤ ኃምስ እግሩ ላይ ቀለበት ያስራል። ሸ የሰ፣ ቸ የተ፣ ኘ የነ፣ ጀ የደ ዘመድ መሆኑን በአናቱ ላይ ያለችው መስመር ትመሰክራለች። ሳድስና ሳብዕ ከሕጉ ብዙ ስለሚያፈነግጡ የተለየ ልምምድ ይሻሉ። ልጅ ይህን ሕግ ማንም ሳይነግረው ከብዙ ድግግሞሽ በኋላ ሊደርስበት ይችላል። ጎልማሳ ግን ምክንያቱን ሲያውቅ ይፈጥናል፤ ስለዚህ ሕጉን በግልጽ መንገር ለእርሱ ጊዜ መቆጠብ ነው።

ዘመቻውና ቆጠራው

በታኅሣሥ ወር 1967 ዓ.ም. በተጀመረው የእድገት በኅብረት ዘመቻ ስድሳ ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ሲሰማሩ መሠረተ ትምህርት ከተግባሮቻቸው አንዱ ነበር። በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተከፈተ። የተማረው እንዲያስተምር፣ ያልተማረው እንዲማር ጥሪ ቀረበ። በየቀበሌውና በየገበሬ ማኅበሩ ጣቢያዎች ተቋቋሙ፤ ዙር በዙር እየተተካ ለዓመታት ዘለቀ። መጻሕፍቱ በዐሥራ አምስት ቋንቋዎች፣ ሁሉም በግእዝ ፊደል ተዘጋጁ። ሰው በአፍ መፍቻ ቋንቋው እንዲያነብ መደረጉ የቀድሞውን የንባብና የትርጉም መለያየት ያስቀረ ትልቅ እርምጃ ነበር። ዘመቻው በዓለም አቀፍ ሽልማት ጭምር ተመሰገነ።

ከ1966 ዓ.ም. በፊት ከመቶ ዘጠና በላይ ይገመት የነበረው መሃይምነት በዘመቻው የመጨረሻ ዓመታት ወደ ሩብ ገደማ እንደ ወረደ በይፋ ይነገር ነበር። ይሁን እንጂ በ1987 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ዕድሜያቸው ከ10 ዓመት በላይ ከሆኑት መካከል ማንበብና መጻፍ የሚችሉ ሆነው የተመዘገቡት ከመቶ ሃያ ሦስት ያህል ብቻ ነበሩ። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ዓይነት መለኪያ አልነበራቸውም፤ አንዱ በዘመቻ ፈተና፣ ሌላው በቆጠራ መጠይቅ የተገኘ ነው። በመካከሉም ጦርነት፣ ረኀብና የሕዝብ ቁጥር ማደግ አሉ። ይህ ሁሉ ተቆጥሮም ቢሆን የልዩነቱ ስፋት አንድ ነገር ያመለክታል፦ የምስክር ወረቀት ከተቀበሉት ብዙዎቹ ንባቡን ይዘው አልቆዩም።

ምክንያቱን በተማሪው ስንፍና ማላከክ አግባብ አይደለም። በብዙ ስፍራ መገኘት ግዴታ ነበረ፤ አስተማሪው ራሱ በቅርቡ ትምህርቱን የጨረሰ ወጣት ነበረ፤ ዙሩም አጭር ነበረ። ፈተናውን ያለፈው ጎልማሳ ፊደላትን መለየት ቢችልም ንባቡ ገና የሚንገዳገድ ነበር። የንባብ ክፍሎችና የማጠናከሪያ ጽሑፎች ቢዘጋጁም ለገጠሩ ሰው በየቀኑ የሚነበብ ወረቀት አልደረሰውም። ኩባ በእ.ኤ.አ. 1961 ከመቶ ሺህ በላይ ወጣቶችን አዝምታ ከሰባት መቶ ሺህ በላይ ሰዎችን ባስነበበች ጊዜ ዘመቻው እንዳበቃ ተከታታይ የጎልማሶች ትምህርት ከፍታ ነበር። ቤት የሚሠራ ሰው ግድግዳውን አቁሞ ጣራውን ለከርሞ ቢያሳድር ክረምቱ ግድግዳውንም ይወስድበታል፤ በእኛ ዘንድ የሆነው ይህን የመሰለ ነው።

አእምሮ ምን ይላል

የሰው ልጅ ካደገ በኋላ ንባብ መማር መቻሉ ለብዙ ዘመን ሲያጠራጥር ኖሯል። በእ.ኤ.አ. 1979 ጆዜ ሞራይስና ባልደረቦቹ በፖርቱጋል ያላነበቡ ጎልማሶችንና ካደጉ በኋላ ማንበብ የተማሩ ጎልማሶችን አወዳደሩ። ከአንድ ቃል መጀመሪያ ላይ አንድ ድምፅ እንዲቀንሱ ወይም እንዲጨምሩ ሲጠየቁ ያላነበቡት በጣም ተቸገሩ፤ ዘግይተው የተማሩት ግን አብዛኛውን ተወጡት። ቃልን ወደ ድምፅ መበተን ከዕድሜ ጋር በራሱ የሚመጣ ሳይሆን ከፊደል ትምህርት የሚገኝ ችሎታ መሆኑ ታወቀ። በእ.ኤ.አ. 2010 ስታኒስላስ ደሃንና ተባባሪዎቹ በብራዚልና በፖርቱጋል ስድሳ ሦስት ጎልማሶችን በአንጎል ምስል ሲመረምሩ ካደጉ በኋላ የተማሩትም ሰዎች አንጎል ለጽሑፍ ምላሽ ለመስጠት እንደሚለወጥ አዩ። የጎልማሳ አእምሮ በር አልተዘጋም ማለት ነው።

በሩ ይከፈት እንጂ መግቢያው ጠባብ ነው። የመማር ሳይንስ ባለሙያዋ ሄለን አባጂ በእ.ኤ.አ. 2003 ለዓለም ባንክ ባዘጋጀችው ጥናት እንዳመለከተችው የብዙ ጎልማሳ ተማሪዎች ዋና ችግር ፊደል አለማወቅ ሳይሆን የንባብ መዝገም ነው። የሰው የቅርብ ትውስታ ጥቂት ነገር ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ይይዛል። እያንዳንዱን ፊደል እየፈለገ የሚያነብ ሰው የዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ መጀመሪያው ከእጁ አምልጧል፤ ያነበበውን አይረዳም። ያልተረዳውን ደግሞ ደስ ብሎት አያነብም፤ ካላነበበም ይረሳል። የ1970ዎቹ ዓ.ም. ምሩቃን ያጡት ንባብ በዚህ አዙሪት የተወሰደ ሳይሆን አይቀርም። የቁም ንባብን ድግግሞሽ እንደ ኋላ ቀርነት የቆጠሩት ሰዎች ከጉድለቱ ጋር ብርታቱንም ጥለውት ነበር።

ስለ መማር ስልት የተደረጉት ጥናቶችም ከዚህ ጋር ይስማማሉ። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ በእ.ኤ.አ. 1885 በራሱ ላይ ባደረገው ሙከራ የተማሩት ነገር ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚረሳ፣ በየጊዜው ተከፋፍሎ የተደገመው ደግሞ በአንድ ጊዜ ከተሸመደደው ይልቅ እንደሚጸና አሳየ። በእ.ኤ.አ. 2013 በጆን ደንሎስኪና ባልደረቦቹ ዐሥር የጥናት ስልቶች ተመዝነው ሁለት ብልጫ አገኙ፦ አንደኛው ጊዜን አከፋፍሎ መለማመድ፣ ሁለተኛው መጽሐፉን ዘግቶ ራስን መፈተን። በጽሑፍ ላይ ማስመርና እንዲሁ ደጋግሞ ማየት ከዝቅተኞቹ መካከል ሆኑ። እዚህ ላይ የቁም ንባብ ድግግሞሽ ከዚህ መለየት አለበት፤ ያኛው የንባብን ፍጥነት ለማዳበር የሚደረግ ልምምድ ሲሆን ይህኛው የጽሑፉን ቁም ነገር ለመያዝ የሚደረግ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው የአገራችን ብሂል ለጎልማሳው ትምህርት ሲተረጎም በሳምንት አንድ ረጅም ማታ ከማስተማር ይልቅ በየማታው ሩብ ሰዓት ማስተማር፣ በየማታውም ካለፈው ሳምንት ጥቂት መጠየቅ ማለት ነው።

የገበያው ሒሳብ

ስለ ሒሳብ ሲሆን ነገሩ ከዚህ ይለያል። በፊደል ረገድ ጎልማሳው ከባዶ ይጀምራል፤ በሒሳብ ረገድ ግን ባዶ እጁን የሚመጣ ጎልማሳ የለም። ዕቁብ የሚጥል፣ በቁና የሚሰፍር፣ በክንድ የሚለካ፣ ቡናውን በፈረሱላ የሚሸጥ ሰው በየቀኑ ያሰላል። አንዱ ኪሎ 35 ብር የሆነ ነገር ሰባት ኪሎ ስንት እንደሚሆን ሲጠየቅ «ሁለቱ 70፣ አራቱ 140፣ ስድስቱ 210፣ ሰባቱ 245» ይላል። በቃል የሚሠራ ሰው ከትልቁ ወደ ትንሹ እያጠፈ ይሄዳል። በወረቀት የሚያስተምረው መምህር ደግሞ ከአንድ ቤት ጀምሮ ወደ ላይ «እየያዘ» ይወጣል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ግን ፊትና ኋላ ናቸው። መምህሩ ይህን ሳያስተውል ሲቀር ጎልማሳው ትናንት በገበያ የሚያውቀውን ሒሳብ ዛሬ በክፍል ውስጥ የማያውቅ ይመስለዋል።

ይህ በጥናት የተረጋገጠ ነገር ነው። በእ.ኤ.አ. 1985 የታተመ አንድ ጥናት በብራዚሏ የሬሲፌ ከተማ በጎዳና የሚነግዱ አምስት ልጆችን ተከታተለ። በሚሸጡበት ስፍራ የሒሳባቸው ትክክለኛነት ከመቶ 98 ሲሆን፣ ያው ስሌት በቃላት ጥያቄ ሲቀርብ 74፣ በቁጥር ምልክት ብቻ ሲቀርብ 37 ሆነ። አሜሪካዊቷ ጂን ሌቭ በካሊፎርኒያ ጎልማሳ ሸማቾችን ስትከታተል በሱቅ ውስጥ ከመቶ 98 ሲያገኙ፣ ተመሳሳይ ጥያቄ በፈተና ወረቀት ላይ ሲቀርብላቸው 59 ብቻ ማግኘታቸውን አየች። ያወቀው አእምሮ አንድ ነው፤ የተለየው ስፍራውና ስልቱ ነው።

ለምህንድስና ሙያ ቅርብ የሆኑት ጥናቶች ደግሞ ሁለት ናቸው። ሲልቪያ ስክሪብነር በእ.ኤ.አ. 1984 ባሳተመችው ጥናት በአንድ የወተት ፋብሪካ ትእዛዝ የሚያሰናዱ ሠራተኞችን ሥራ መረመረች። አንዱ ሣጥን 16 ካርቶን ይይዛል። ዐሥር ካርቶን ሲታዘዝ ወረቀቱ የሚለው «አንድ ሣጥን ሲቀነስ ስድስት» ነው። ጀማሪው እንደ ወረቀቱ ከሙሉ ሣጥን ስድስት ያወጣል። ልምድ ያለው ሠራተኛ ግን በአጠገቡ ስምንት የያዘ ጎዶሎ ሣጥን ካየ ሁለት ብቻ ይጨምርበታል። እጁን የሚያደክመው ስድስት እንቅስቃሴ በሁለት ተተካ፤ ሒሳቡን የሠራው ድካምን ለመቆጠብ ነው።

ሁለተኛው ጥናት የቴሬዚኛ ካራሄር ነው፤ በእ.ኤ.አ. 1986 በብራዚል በግንባታ ፎርማኖች ላይ የተደረገ። አብዛኞቹ ብዙ ያልተማሩ ነበሩ። በለመዱት ሚዛን፣ ማለትም በ1፡100፣ በ1፡50፣ በ1፡20 የተሣለ ፕላን ሲያነብቡ አልተቸገሩም። ፈጽሞ ያላዩት 1፡40 ወይም 1፡33.3 ሲቀርብላቸውም ብዙዎቹ መንገድ አላጡም፤ «በወረቀቱ ላይ 9 ሴንቲሜትር ሦስት ሜትር ከሆነ፣ 3 ሴንቲሜትር አንድ ሜትር ነው» በሚል ዓይነት ግንኙነቱን ፈልገው ያገኙታል። ትምህርት ቤት የሚያስተምረውን የሦስት ሕግ ሳይጽፉት ሠርተውበታል።

በአገራችን የግንባታ ሥፍራም ይኸው ይታያል። ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ሁለት ሣጥን አሸዋና ሦስት ሣጥን ጠጠር የሚሰፍር የቀን ሠራተኛ ሬሺዮን ያውቃል፤ 60፣ 80 እና 100 ሴንቲሜትር በሲባጎ ለክቶ ማእዘን የሚያወጣ ግንበኛ የፒታጎራስን ሕግ ይሠራበታል። የሚያውቁትን በወረቀት ለማስፈር ግን አልታደሉም። ስለዚህ ስንት ኩብ እንደ ሠሩ፣ ስንት ቀን እንደ ዋሉ የሚጽፈው ሌላ ሰው ነው፤ የሚከፈላቸውም እርሱ እንደ ጻፈው ነው። የሒሳብ መሃይምነት ዋጋው ከፍ ብሎ የሚታየው በደመወዝ ቀን ነው።

በቁጥር አጻጻፍም ቢሆን የጎልማሳው ስሕተት ምክንያት አለው። «አንድ መቶ አምስት» ጻፍ ሲባል 1005 የሚል ተማሪ በየአገሩ አለ። የሰማውን በቅደም ተከተል ጻፈው፤ 100፣ ቀጥሎ 5። በግእዝ ቁጥር ቢሆን ኖሮ ፻፭ ትክክል ነበር፤ ግእዙ እንደ ንግግሩ ይጻፋልና። ዜሮ ስፍራ እንደምትጠብቅ፣ ቁጥርም ዋጋውን የሚያገኘው ከቆመበት ስፍራ መሆኑን ጎልማሳው ገና አልተነገረውም። በቀይ ብዕር ከመሰረዝ ይልቅ የመቶና የዐሥር ብር ኖቶችን፣ የአንድ ብር ሳንቲሞችንም በሦስት ረድፍ አስቀምጦ ማሳየት ይህን በአንድ ማታ ያስተካክለዋል።

ከታሪክ የሚቀሰም

ማልኮም ኖውልስ በእ.ኤ.አ. 1970 ስለ ጎልማሶች ትምህርት የጻፈው መጽሐፍ ጎልማሳ ተማሪ የራሱን ልምድ፣ የራሱን ፍላጎትና ራሱን የመምራት መብት ይዞ እንደሚመጣ ካስታወቀ ወዲህ ይህ አሳብ በየአገሩ ተቀባይነት አግኝቷል። በእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ መጀመሪያ በኡጋንዳ፣ በባንግላዴሽና በኤል ሳልቫዶር የተሞከረው «ሪፍሌክት» የተባለው ስልት ተማሪዎቹ የመንደራቸውን ካርታና የሥራቸውን ወራት በመሬት ላይ እየሣሉ ከዚያ ቃልና ቁጥር እንዲያወጡ ያደርጋል። በአገራችንም ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የተስፋፋው የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት ይህንኑ መንፈስ ይከተላል።

መንፈሱ መልካም ነው፤ ሆኖም ታሪክ የሚመክረው አንዱን ሲይዙ ሌላውን እንዳይጥሉ ነው። የየኔታ ትምህርት ድግግሞሽ ነበረው፤ ትርጉም ግን አነሰው። የሥራ ትምህርቱ ትርጉም ነበረው፤ ከሥራ ውጭ ያለውን ሰው ግን አላየውም። ዘመቻው የአፍ መፍቻ ቋንቋና የሕዝብ ንቅናቄ ነበሩት፤ ጊዜና ቀጣይነት ግን አጠሩት። ጎልማሳው የሚያሻው የእነዚህ ሁሉ ድምር ነው፦ ቃሉ ከኑሮው ይመረጥ፤ የፊደሉ ሕግ በግልጽ ይነገር፤ ንባቡ እስኪፈስስ ይደገም፤ ልምምዱ በጥቂት በጥቂቱ በየቀኑ ይሁን፤ ሒሳቡ ከሚያውቀው የቃል ስሌት ይነሣ፤ ትምህርቱ ሲያበቃም የሚነበብ ነገር በእጁ ይኑር።

ከዚህ የመጨረሻው በየመሥሪያ ቤቱና በየግንባታው ሥፍራ ላሉ ባለሙያዎች የሚደርስ ነው። የሥራ ማስታወቂያ፣ የአደጋ ማስጠንቀቂያ፣ የደመወዝ መክፈያ ቅጽ፣ የቁሳቁስ መዝገብ ሁሉ አዲስ ለተማረ ሰው መጽሐፍ ናቸው። በጉልህና በቀላል አማርኛ ወይም በሠራተኛው ቋንቋ ቢጻፉ፣ የክፍያው ስሌት ለሠራተኛው በሚታይ ሰሌዳ ላይ ቢሠራ፣ የተማረው ፊደልና ቁጥር በየቀኑ ሥራ ያገኛል። ሥራ ያገኘ ዕውቀት አይጠፋም። ያለፉት ዘመቻዎች ያስተማሩን፣ ዋጋውም በሚሊዮን ሰዎች ማታ የተከፈለው፣ ይኸው ነው።